«ብቻሽን? ቬጋስ?»

አንዲት ሴት ፓሪስ ብቻዬን እሄዳለሁ ብትል ሰዉ «እሰይ! ፎቶ መላክ እንዳትረሺ» ይላታል። ላስ ቬጋስ ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል ግን ፊቱ ይቀየራል። «ብቻሽን? ቬጋስ? ምን ልታደርጊ?» ጥያቄው ለደህንነቷ የታሰበ ይመስላል፤ ግማሹ እውነትም ሐሳብ ነው። ግማሹ ግን ጥርጣሬ ነው። ወንድ ብቻውን ቢሄድ «ተዝናና» ነው የሚባለው፣ ቢበዛ ቢበዛ «ገንዘብህን ጠብቅ»።

እኔ ደግሞ ለሴቷም መባል ያለበት እሱ ይመስለኛል። ገንዘብሽን ጠብቂ። ቬጋስ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ሰው ከሚያወራው በላይ ምቹ ናት፣ እሷ ከምታስበው በላይ ደግሞ ውድ ናት። አደጋ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ግን ሰዉ ጣቱን በሚቀስርበት ቦታ አይደለም ያለው፣ ለዚህ ነው ነገሩን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ የተነሳሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከታሪኩ ልጀምር። ቬጋስ የወንዶች ከተማ ናት ሲባል እንሰማለን፤ ማፍያ፣ ሲጋራ፣ ውስኪ፣ ፖከር። ከተማዋ የቆመችበት መሬት ግን የሴት ነበር። ሄለን ስቱዋርት ትባላለች። ባሏ በ1884 በጥይት ተገደለ፤ እሷ ልጆቿን ይዛ በረሃ መሃል ያለውን የከብት እርባታ ማስተዳደር ቀጠለች። በ1902 መሬቱን ለባቡር ኩባንያ ሸጠችው። በ1905 ኩባንያው መሬቱን ሸንሽኖ በጨረታ አወጣው፣ ከተማዋም ተወለደች። ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በ1931 ስትፈቅድም በላስ ቬጋስ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያወጣችው ሴት ናት፤ ሜይሚ ስቶከር፣ የኖርዘርን ክለብ ባለቤት።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የፍቺው ነገር ነው። በዚያው በ1931 ኔቫዳ ሌላም ሕግ አወጣች፤ ስድስት ሳምንት እዚህ የተቀመጠ ሰው እዚሁ መፋታት ይችላል የሚል። በጊዜው በሌሎች ግዛቶች ፍቺ ማለት መከራ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ለምሳሌ ዝሙት ካልተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ አያፋታም። ስለዚህ ሴቶች ሻንጣቸውን እየያዙ ወደ ኔቫዳ መጡ። ብቻቸውን። መጀመሪያ በብዛት እዚያው ኔቫዳ ወዳለችው ሪኖ ከተማ፣ በኋላ ወደ ቬጋስም። የፊልም ተዋናዩ የክላርክ ጌብል ሚስት ሪያ ላንግሃም በ1939 ቬጋስ ተቀምጣ ስትፋታ ወሬው አገር አዳረሰ፣ ከተማዋም ያልከፈለችበት ማስታወቂያ አገኘች። ስድስቱን ሳምንት የሚያስተናግዱ እርሻዎች ነበሩ። ሴቶቹ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ይዋኛሉ፣ ማታ ማታ ቁማር ቤት ብቅ ይላሉ፣ ቀኑ ሲሞላ ደግሞ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ እዚሁ ነበረች» ብሎ ይመሰክርላቸዋል። ከነዚህ እርሻዎች አንዱ፣ ቱሌ ስፕሪንግስ፣ ዛሬ ፍሎይድ ላም የሚባል የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ «ብቻሽን?» የምትባለዋ ሴት ከዘጠና ዓመት በፊት የጀመሩ ቀዳሚዎች አሏት። እነሱ የመጡት ደግሞ ለሦስት ቀን አልነበረም፣ ለስድስት ሳምንት ነው።

ከተማዋ ሴቶችን ሁሌ በክብር ተቀበለች ብዬ ግን አላሳምርም። በ1958 የከተማው ምክር ቤት ካዚኖዎች ሴት ካርታ አዳይ እንዳይቀጥሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ሴት በላባ አጊጣ መድረክ ላይ ትቁም፣ ኮክቴል ታመላልስ፤ ጉርሻው ወፈር የሚልበት ጠረጴዛ ግን ለወንድ። ዋናው የካዚኖ ጎዳና፣ ስትሪፕ ላይ ሴቶች ካርታ ማደል የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። አሁን ከ2011 ጀምሮ የከተማዋ ከንቲባዎች ሴቶች ናቸው፤ የኔቫዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤትም በ2019 በአሜሪካ ታሪክ አብላጫው ሴት የሆነ የመጀመሪያው ምክር ቤት ሆኗል። (የሚያስቀው ግን፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ሆቴል የተደረደረበት ስትሪፕ አብዛኛው በከተማዋ ወሰን ውስጥ የለም። ፓራዳይዝ የሚባል በክላርክ ካውንቲ ሥር ያለ አካባቢ ነው። ከንቲባዋ እዚያ ሥልጣን የላትም።)

ወደ ደህንነቱ እንምጣ። ትልቅ ካዚኖ ውስጥ ስትገቢ ጣሪያው ሁሉ ካሜራ ነው። ካሜራው የት የት እንደሚሰቀልና ምን ምን ማሳየት እንዳለበት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ደንብ አውጥቶለታል። ጥበቃ በየጥጉ ቆሟል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም ሕዝቡ እንደ ቀን ይተራመሳል። በጨለማ ስትሄድ ቁልፏን በጣቶቿ መሃል ይዛ፣ ወደኋላ እየዞረች፣ ስልክ የምታወራ እየመሰለች መሄድ የለመደች ሴት፣ በዚያ ሰዓት ዘና ብላ መራመድ መቻሏ ብቻውን ዕረፍት ነው። ለከፋ የለም አልልም፤ የሰከረ ሰው በሞላበት ለከፋ አይጠፋም። ግን ምስክሩ ብዙ ነው።

ካሜራው የተሰቀለው ግን ላንቺ አይደለም። በገንዘብ ምትክ ለሚቆመርበት ቺፕ ነው። ይቺን ነገር ልብ በያት፣ ምክንያቱም ዓይኑ የሚበረታው ገንዘብ ባለበት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ። ገንዘቡ በሌለበት፣ መኪና ማቆሚያው ፎቅ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ፣ ማለቂያ በሌለው የክፍሎች ኮሪደር ላይ፣ ዓይኑ እየሳሳ ይሄዳል። በስልክ የሚጠሩት የኡበርና የሊፍት መኪናዎች ደግሞ በብዙ ሆቴሎች ሰው የሚያነሱት ከነዚሁ መኪና ማቆሚያዎች ውስጥ ከተመደበላቸው ጥግ ነው። ስለዚህ መኪናው «ደርሻለሁ» እስኪል ሎቢ ውስጥ ሰው መሃል መቆየት፣ ታርጋውን አይቶ መግባት። ታክሲ የሚነሳው ከዋናው በር ነው፣ ሰልፉን የሚያስተናግድ ሠራተኛም አለ። ሲመሽ እኔ ታክሲውን ነው የምመርጠው፣ ትንሽ ቢወደድም። ሊፍት ሴት ተሳፋሪን ከሴት ሹፌር ጋር የማገናኘት ምርጫ ከ2023 ጀምሮ አለው። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ዙክስ የሚባሉ ሹፌር አልባ መኪናዎች ስትሪፕ አካባቢ ሰው እየጫኑ ነው። ሹፌር ከሌለ «ባልሽስ የት ነው?» የሚልም የለም።

ስለ ሹፌር ካነሳን፣ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ አበሻ ብዙ ነው። ማንም አያውቀኝም ብለሽ በሄድሽበት ከተማ፣ ገና ከኤርፖርቱ ስትወጪ «አበሻ ነሽ እንዴ? የማን ልጅ ነሽ?» ቢልሽ አትደንግጪ። ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቂዋለሽ። «ብቻሽን?»

ክፍሉ ሌላ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው 32ኛ ፎቅ ላይ ከተከራየው የሆቴል ክፍል ሆኖ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተኩሶ 58 ሰው ገደለ፤ ቆይተው በቁስላቸው የሞቱት ሲደመሩ 60 ደረሱ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የቬጋስ ሆቴሎች «አትረብሹ» የሚለውን ምልክት ደንብ ለወጡ። ምልክቱ ለረጅም ሰዓት ከተሰቀለ ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ገብቶ ያያል። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን በ2018 ለአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ የመጡ ሴቶች፣ ብቻቸውን ክፍላቸው ውስጥ እያሉ የሆቴሉ ጥበቃ ነን ያሉ ወንዶች ልንገባ ነው ብለው እንዳስጨነቋቸው ተናገሩ፣ ነገሩም ብዙ አነጋገረ። እስቲ አስቢው። ሁለት ወንዶች በር ላይ ቆመው ጥበቃ ነን ሲሉሽ መሆናቸውን በምን ታውቂያለሽ? ደረታቸው ላይ ባለው ባጅ? ባጅ ማንም ያሠራል። ሰንሰለቱን ሳትፈቺ ከክፍሉ ስልክ ሪሴፕሽን መደወል ነው። «ሰው ልካችኋል ወይ?» እውነተኛ ከሆነ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ሥራው ነው።

ይህን ፍርሃት ከማንም በላይ የሚያውቁት እንግዶቹ ሳይሆኑ ክፍል የሚያጸዱት ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ የማያውቁት ሰው ክፍል በር እያንኳኩ ብቻቸውን ይገባሉ። ማኅበራቸው፣ ኩሊነሪ የሚባለው ወደ 60 ሺህ አባላት ያሉት የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር፣ በ2018 ድርድሩ ላይ ክፍል አጽጂዎች የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ እንዲይዙ አስወስኗል። አንዴ ሲጫን ጥበቃ ይመጣል። ከተማዋ ለሴት ምን ያህል ታስባለች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ በፊት የምነግረው ይህን ነው፣ ምክንያቱም ሴቶቹ ራሳቸው ታግለው ያገኙት ነገር ነው።

ባር ላይ ብቻ መቀመጥስ? እዚህ ጋ አንድ የቆየ ስሕተት አለ። ቬጋስ ውስጥ ሴተኛ አዳሪነት ሕጋዊ ነው ብሎ የሚያስበው ሰው ብዛቱ! አይደለም። ኔቫዳ ገጠር ውስጥ በአንዳንድ ካውንቲዎች ፈቃድ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ሕጉ ግን የሕዝብ ቁጥሩ 700 ሺህ በደረሰ ካውንቲ አይፈቅድም፣ ክላርክ ካውንቲ ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያለው። ይህ ስሕተት ብቻዋን የተቀመጠችውን ሴት ከሁለት በኩል ይመታታል። በአንድ በኩል ዋጋ ሊጠይቅ የሚቀርብ ሰው አለ። በሌላ በኩል ጥበቃው አለ፤ ሕገወጥ ሥራ ልከላከል ብሎ «እዚህ ነው ያረፍሽው? ካርድሽን ላየው?» ይላታል። በተለይ ጥቁር ሴቶች በዚህ መንገድ ተጠርጥረን ተዋረድን ብለው ፍርድ ቤት እስከመሄድ ደርሰዋል። የክፍሉን ካርድ ማሳየት ነገሩን ያሳጥረዋል። ግን ለምን ታሳያለች? አጠገቧ ብቻውን የተቀመጠውን ሰውዬ እኮ ማንም አልጠየቀውም።

ለነገሩ ሰውዬውም አያምርበትም። ባር ላይ ተዋውቀዋት ወደ ክፍላቸው ይዘዋት የገቡት ሴት ሰዓታቸውንና ገንዘባቸውን ጠርጋ የጠፋችባቸው ወንዶች በቬጋስ የተለመደ ታሪክ ናቸው። «ብቻህን? ቬጋስ?» የሚላቸው ግን የለም።

«እዚህ የሆነ እዚሁ ይቀራል» የሚለውን መፈክር የከተማዋ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያመጣው በ2003 ነው። ጎበዝ ማስታወቂያ ነው። ብቻዋን ለሄደች ሴት ግን እንደሱ ያለ መጥፎ ምክር የለም። የት ሆቴል እንዳረፈች፣ በየትኛው ቀን እንደምትመለስ፣ ማታ የት እንደምትሄድ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። ባርቴንደሩ የት እንዳረፈች ማወቅ የለበትም፤ ጓደኛዋ ግን አለባት። መጠጧን ጥላ ሽንት ቤት ከሄደች ስትመለስ ሌላ ማዘዝ ነው፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአስፈሪው ሰውዬ ይልቅ ብዙ ሴት የሚጎዳው ይሄ ነው።

ብቻዋን የሆነች ሴት አንድ የሚከብዳት ሰዓት አለ። እራት ተበልቷል፣ ሾው ታይቷል፣ እንቅልፍ ገና ነው፣ ክፍል ገብቶ ግድግዳ ማየት ደግሞ ያስጠላል። በዚያ ሰዓት ማንንም ሳታናግሪ፣ ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» ሳይልሽ ልትቀመጪ የምትችይበት ቦታ ሞልቶ ተርፏል፤ ገንዘብ ከትቶ ቁልፍ በመጫን የሚቆመርበት ስሎት ማሽን ፊት። ወንበሩ ምቹ ነው። ማሽኑ ያበራል፣ ይዘፍናል። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ላምጣልሽ?» ትላለች፣ መጠጡ ለሚጫወት ሰው በነጻ ነው፣ አንድ ሁለት ዶላር ጉርሻ ትሰጫታለሽ። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፣ መስኮት የለም። ብቸኝነት የማይሰማበት ወንበር ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። የቁማር ሱስ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከማሽን ፊት የማይነሱት ሰዎች ብዙዎቹ ገንዘብ ሊያሸንፉ ሳይሆን ራሳቸውን ሊረሱ የተቀመጡ ናቸው ይላሉ።

ድሮ ስሎት ማሽን ባሎች ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ ሚስቶች ጊዜ እንዲገድሉበት በየጥጉ የሚቀመጥ ዕቃ ነበር ይባላል። ዛሬ ከኔቫዳ የካዚኖ ገቢ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከማሽን ነው። የሚስቶች መጫወቻ የተባለው የቤቱ ምሰሶ ሆኖ አረፈው።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ዙር 1 ዶላር እንበል። በሰዓት 600 ጊዜ መጫን ለለመደ እጅ ምንም አይደለም፣ ስለዚህ በሰዓት 600 ዶላር አሽከረከርሽ። ማሽኑ 8 በመቶ ቢያስቀር፣ ስትሪፕ ላይ አማካዩ እዚያው አካባቢ ነው፣ በሰዓት 48 ዶላር ሄደ። ሦስት ሰዓት ስትቀመጪ 144 ዶላር። ሁለት «ነጻ» ኮክቴል ጠጥተሽ ከሆነ አንዱ በ72 ዶላር ነው የወጣብሽ። «ፔኒ» የሚባሉት ማሽኖችም በስማቸው አይሸውዱሽ። አንድ ሳንቲም ይባላሉ እንጂ በብዙዎቹ ላይ ትንሹ መደብ 50 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ነው፣ የሚያስቀሩት መቶኛም ከባለ ዶላሮቹ ይበልጣል።

ጠረጴዛውም ተንኮል አለው፣ ግን ቢያንስ ይነበባል። ብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ ወደ 21 የሚጠጉበት የካርታ ጨዋታ) ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ጨርቁ ላይ የተጻፈውን እዪ። «3 ለ 2» ካለ፣ በ20 ዶላር መደብ ብላክጃክ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21፣ ሲመጣልሽ 30 ዶላር ታገኛለሽ። «6 ለ 5» ካለ 24። ያው ካርታ፣ ያው ዕድል፣ 6 ዶላር ጎደለ። ኳስ ቁጥር ባለው ጎማ ላይ በሚሽከረከርበት ሩሌት ላይ ዜሮዎቹን ቁጠሪ። አንድ ዜሮ ያለው ለቤቱ 2.7 በመቶ ያደላል፣ ሁለት ያለው 5.26፣ ሦስት ዜሮ ያለው ደግሞ 7.69 በመቶ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሽከረከሩት፣ የሚከፍሉትም አንድ ነው።

ይሄ ሁሉ ለወንዱም እኩል ነው፣ ታዲያ ሴት ብሎ ምን አመጣው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሴቶች ቁማር ከወንዶች ዘግይተው ይጀምራሉ፣ ችግር ውስጥ ግን ፈጥነው ይገባሉ የሚል ግኝት በተለያዩ ጥናቶች ወጥቷል። ሁሉም ተመራማሪ አይስማማበትም። ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ሁለተኛው ቀላል ነው። ከጓደኞቿ ጋር የሄደችዋን «ነይ እንጂ፣ ራበን» ብሎ የሚጎትታት ሰው አለ። ብቻዋን የሄደችዋን የሚጎትታት ማን ነው? ሆቴሉ አይጎትታትም መቼም። ስለዚህ ጎታቹን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የቀኑን ገንዘብ በጥሬው ይዞ ካርዱን ክፍሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ መውረድ፣ ስልክ ላይ ማንቂያ መሙላት። ካዚኖ ውስጥ ያለው ኤቲኤም የሚቆርጠው ክፍያ ራሱ አናት ይመታል፣ እሱም ሆነ ተብሎ ነው እላለሁ እኔ።

የሆቴሉ ዋጋ ደግሞ ብቸኛ ሰውን ያለ ርኅራኄ ይቀጣል። ክፍል በክፍል ነው የሚሸጠው፣ በሰው አይደለም፤ ሁለት ሆናችሁ የምትካፈሉትን አንቺ ብቻሽን ትከፍያለሽ። «የሪዞርት ክፍያ» የሚባለውም አለ፣ ብዙ ቦታ በአዳር 40ና 50 ዶላር የሚደርስ፣ ጂም ገባሽ አልገባሽ የሚታሰብ። ድሮ መጨረሻ ላይ ነበር ብቅ የሚለው። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ሆቴሎች የግድ የሚከፈለውን ሁሉ ደምረው ከመነሻው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ክፍያው ግን አልቀረም። ታየ እንጂ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው አዳር ከዓርብና ቅዳሜው በብዙ ይረክሳል፣ ለብቸኛ መንገደኛ ትልቁ ቅናሽ እሱ ነው።

ናይት ክለቡን በአጭሩ። ለክለቡ ሰው የሚጋብዘው ፕሮሞተር መንገድ ላይ አግኝቶሽ «ላንቺ በነጻ ነው፣ መጠጥም አለው» ቢልሽ እውነቱን ነው። ወንዱ ይከፍላል፣ አንቺ አትከፍይም። የኔቫዳ ሕግም ለማስተዋወቂያ ሲባል በጾታ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ይፈቅዳል። ግን ማን ማንን እየገዛ እንደሆነ መረዳት ጥሩ ነው። ክለቡ ትርፉን የሚያገኘው ጠረጴዛ ይዞ ጠርሙስ በብዙ መቶ ዶላር ከሚገዛው ወንድ ነው፤ ያ ወንድ ጠርሙሱን የሚገዛው አዳራሹ ውስጥ ሴቶች ስላሉ ነው። አንቺ እንግዳም ነሽ፣ ሸቀጥም ነሽ። ሙዚቃውን ከወደድሽው ግቢ፣ ጨፍሪ፣ ማንም ላይ ዕዳ የለብሽም። የማታውቂያቸው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ «ነይ ተቀመጪ» ስትባዪ ግን ጠርሙሱን የገዛው ሰው ዕዳ አለባት ብሎ እንደሚያስብ አትርሺ።

እስካሁን ሳስፈራራ ነው የቆየሁት። እንግዲያስ ለምን ትሄዳለች? ምክንያቱም ብቻ መብላት እንደ ቬጋስ የሚቀልበት ቦታ ጥቂት ነው። ትልልቆቹ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ባሩ ላይ ሙሉ ሜኑ ያቀርባሉ፣ ጠረጴዛ በሳምንታት ቀድሞ የተያዘበት ቤት ባሩ ላይ አንድ ወንበር አያጣም። ብቻዋን ተቀምጣ የምትበላን ሴት ዞሮ የሚያያት የለም፤ አጠገቧ ዘፋኙን ኤልቪስን መስሎ የለበሰ ሰውዬ ፓስታ እየበላ ማን እሷን ያያል? ትኬቱም እንደዚያው ነው። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ያለቀበት ሾው ላይ አንድ የተረሳ ወንበር አለ፣ አንዳንዴ ከፊት። ሴሊን ዲዮን በ2003 ለሷ በተሠራው ኮሎሲየም አዳራሽ መዝፈን ከጀመረች ወዲህ ታዋቂ ዘፋኝ ለወራት እዚያው የሚዘፍንበት ልማድ ቬጋስን እንደ አዲስ ሠርቷታል፤ አዴልም በዚያው አዳራሽ ከ2022 እስከ 2024 ዘፍናለች። በ2023 የተከፈተው ስፊር፣ 112 ሜትር ከፍታ ያለው ያ የብርሃን ኳስ፣ ለብቸኛ ተመልካች የተሠራ ይመስለኛል፤ ስክሪኑ አናትሽን አልፎ ከኋላሽ ስለሚደርስ ከጎንሽ ማን እንዳለ ትረሺዋለሽ።

የሴቶች ቅርጫት ኳስም አለ። የከተማዋ ቡድን ኤሲስ በ2022፣ በ2023 እና በ2025 ዋንጫ ወስደዋል፣ ተጫዋቻቸው ኤጃ ዊልሰን አራት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። ከሜይ እስከ መከር ባለው ጊዜ ከሄድሽ ከሾው አስቀድሜ የምመርጥልሽ እሱን ነው። አዳራሹ በሴቶች የተሞላ ነው፣ ብቻሽን ገብተሽ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከጎንሽ ካለችው ጋር አብረሽ ስትጮሂ ራስሽን ታገኚዋለሽ።

ከተማዋ ራሷ በዚህ ሰዓት እንግዳ የሚያስፈልጋት ናት። በ2024 ከ41 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ነበራት፤ በ2025 ቁጥሩ ዓይን በሚገባ ሁኔታ ወረደ። ከካናዳ የሚመጣው ሰው ቀነሰ፣ ዋጋው ከልክ አለፈ የሚለውም ሮሮ በዛ። ሆቴሎች ቅናሽ ማውጣት ጀመሩ። የቅናሹን ማስታወቂያ ስታዪ ግን ያው የለመድነው ነው፤ «ለሁለት»፣ «ለጥንዶች»፣ «ሙሽራዋን አጅቡ»። ብቻዋን የምትሄደዋ ሴት ገንዘቧን ራሷ ታወጣለች፣ ጥሩ ትበላለች፣ ትኬት ትገዛለች፣ ስፓ ትገባለች፣ ዕቃ ሰብራ አትወጣም። እሷን አስቦ የተሠራ ዋጋ ማግኘት ግን አሁንም ፍለጋ ነው። ነጋዴ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የምሠራው።

የመጨረሻው ከቤት ውጪ ያለው ነው። ስትሪፕ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሆቴሎቹ ግዙፍ ስለሆኑ «ያውና እዚያ ጋ» የተባለው የግማሽ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። አልኮልና እንዲህ ያለ ፀሐይ አብረው አይሄዱም፣ ብቻዋን የሆነች ሴት ስትደክም «ቁጭ በይ» የሚላት ከጎኗ የለም። ውሃ ከሆቴሉ ሳይሆን ከመድኃኒት መደብር ግዢ። በስትሪፕ ድልድዮች ላይ ደግሞ ለፎቶ እንዳትቆሚ፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የእግረኛ ድልድዮቹ ላይ መቆም በካውንቲው ደንብ ተከልክሏል።

ፎቶውን ከደቡቡ ጫፍ፣ «እንኳን ወደ ድንቋ ላስ ቬጋስ በደህና መጡ» ከሚለው ምልክት ሥር ተነሺ። ዲውስ የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ያደርስሻል። ምልክቱን በ1959 የነደፈችው ቤቲ ዊሊስ የምትባል ሴት ናት፤ የባለቤትነት መብት አላወጣችበትም፣ ለዚህ ነው በየሸሚዙና በየኩባያው ላይ ያለማንም ፈቃድ የሚታተመው። ሰልፍ አለ። ተራሽ ሲደርስ ከኋላሽ ያሉት ሰዎች ስልክሽን ተቀብለው ያነሱሻል፣ የነሱን ደግሞ አንቺ ታነሽላቸዋለሽ። ምልክቱ ጀርባም አለው፣ «ተጠንቅቀው ይንዱ፣ ቶሎ ይመለሱ» ይላል። እዚያ በኩል ሰልፍ የለም።